የፎቶው ፎቶ

የአቶ ሰይፈ ሚካኤል መርዶ ወይዘሮ የሺአረግ ቤት የደረሰው እንግዳ ተቀምጦ ሳለ ነው።

እንግዳዋ ወይዘሮ ሸዋገነት ናቸው፤ የወይዘሮ የሺአረግ የልጅ ልጅ የኢስታር የክርስትና እናት። ለሐምሌ ገብርኤል ከአዳማ ቁልቢ ወጥተው ስለታቸውን አስገቡና፣ «እዚህ ድረስ መጥቼ አበልጄን ሳልጠይቅ ብመለስ ገብርኤልም አይወድልኝ» ብለው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለውን በር አንኳኩ። አበልጅ ቤት ባዶ እጅ አይገባምና ከቦርሳቸው የጠበል ጠርሙስ አወጡ፣ ጧፍ አወጡ፣ በመጨረሻም ከንግሡ ገበያ የገዙትን የልጅ የፀጉር ሪቫን ቀዩንም ነጩንም ቢጫውንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ጅቡቲ የሚሻገር ሰው ስታገኚ ላኪላት» አሉ። «ቢጫውን ከአረንጓዴው ቀሚሷ ጋር ያድርጉላት፤ ያምርባታል።»

ወይዘሮ የሺአረግ «እሺ» አሉ። ጅቡቲ በተነሳ ቁጥር ምላሳቸው ይደርቃል። ኢስታር ጅቡቲን በዐይኗም አይታት አታውቅም። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ፣ ከእናቷ ከየምሥራች ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ትኖር ነበር። ይህንንም ለክርስትና እናቷ እንኳ መናገር ክልክል ነው።

በሩ እንደገና ተንኳኳ። ፖሊስ ነው፤ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

«እማማ የሺ፣ ኢንስፔክተር ፊርዶስ ልካኝ ነው። ፎቶ ንጋት ትፈለጊያለሽ። ጋሽ ሰይፈ ሞቶ ተገኝቷል። ልጅሽ የምሥራችም እዚያው ናት።»

ወይዘሮ ሸዋገነት እጅ ላይ የነበረው ቢጫ ሪቫን እየተተረተረ ወለሉ ላይ ወረደ።

«ሞተ?» አሉ። «እርግጥ ነው? ሞተ?»

ወይዘሮ የሺአረግ ነጠላቸውን ሲፈልጉ ልባቸው ሁለት ቦታ ሮጠ። ግማሹ የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው ሰይፈ ሚካኤል ጋ፣ ግማሹ እንግዳዋ ጋ። ጅቡቲ ናት ያሏት ልጃቸው ድሬ መሆኗ አሁን በፖሊስ አፍ ተነገረ። «እንዴት ነው ነገሩ?» የሚል ጥያቄ ጠበቁ። አልመጣም። ‘እግዜር ይስጣት፣ በጭንቄ ላይ አላፋጠጠችኝም’ ብለው በልባቸው አመስግነዋቸው ወጡ።

ባጃጁ የደቻቱን ድልድይ ሲሻገር ታች ያለው አሸዋ የትናንትናውን ጎርፍ ጠጥቶ ጠቁሯል። ፎቶ ንጋት፣ የሰይፈ ሚካኤል ስቱዲዮ፣ ከድልድዩ ማዶ መጋላ ሰፈር ውስጥ ነው፤ አንድ ሰፊ ክፍል፣ የሚጠቀለል የብረት መዝጊያ፣ ጎኑ ላይ የልብስ ሰፊው የዐብዲራዛቅ ሱቅ። መዝጊያው እስከ ወገብ ድረስ ተነስቷል። ወይዘሮ የሺአረግ ጎንበስ ብለው ገቡና ያዩት የመጀመሪያ ነገር በስቱዲዮው ጥቁር መጋረጃ ፊቱ የተሸፈነ ሰው ነበር።

ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ። የፈሩት ሬሳውን አልነበረም፤ መሸፈኑን ነው። ከዓመት በላይ ከልጃቸው ጋር ሲጨቃጨቁበት የከረሙት ነገር ይኸው ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሥራች አዳማ ላይ ነህምያ ከሚባል እጁ ከአፉ ከሚቀድም ሰው ጋር ትኖር ነበር። አንድ ቀን ልጇን ይዛ ጠፋችና እናቷ አገር ገባች፤ ለባል ዘመዶች ግን «ጅቡቲ ተሻግራለች» ተባለ። ነህምያ በስልክ ያላሳደደው ዘመድ፣ ያልበረበረው የፌስቡክ ገጽ አልነበረም። ስለዚህ የምሥራች ሕግ አወጣች። የኢስታር ፊት ያለበት ፎቶ ከቤት አይወጣም። ዩኒፎርሟ አይታይ፣ ሰፈሩ አይታይ፣ የልደቷ ቀን አይጻፍ። ለጓደኛ እንኳ ስትልክ የልጅቷ ፊት ላይ የአበባ ምስል ትለጥፍበታለች። ኢስታርም ለመደችው፤ ሰው ስልክ ሲያወጣ ካየች ሁለት መዳፏን አንስታ ፊቷን ትሸፍናለች።

«ፊቱ የሚሸፈነው የሬሳ ነው» ይሉ ነበር ወይዘሮ የሺአረግ። «ቆሞ የሚሄድ ልጅ ፊት ይሸፈናል? ሟርት ነው!»

«ሟርቱ አባቷ ነው፣ እማዬ» ትላለች የምሥራች።

ኢስታር ስድስት ዓመት ሲሞላት አያት ለመኑ፣ አለቀሱ፣ አኮረፉ። በመጨረሻ የምሥራች ተሸነፈች። ሰይፈ ሚካኤል እሷንም በስድስት ዓመቷ እዚያው ቦታ አቁሞ ያነሳት ሰው ነው። «አንድ ፎቶ ብቻ በወረቀት አጥባለሁ» አላት። «እንዳንቺው ጥቁርና ነጭ። ለግድግዳ የሚሆነውን ትልቁን እስካትምልሽ ካሜራው ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ አንቺው እያየሽ አጠፋዋለሁ። ቃሌ ነው።» ወረቀቱ በካርቶን ማህደር ተደርጎ ለአያት ተሰጠ።

አያት ፎቶውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ሦስት ጊዜ አወጡት። ብቻቸውን ሲያዩት ደስታው አልያዝ አላቸው። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ፎቶውን ፎቶ አነሱትና ለአበልጃቸው ላኩ። «ከጅቡቲ ላኩልኝ» ብለው። በስልክ ማንሳትና መላክ ያስተማረቻቸው ኢስታር ራሷ ነበረች፤ የድመት ፎቶ እያነሱ ሲለማመዱ አብረው ይስቁ ነበር። ሲልኩ ምሥጢር የጠበቁ መስሏቸው ነበር፤ አገሩን ዋሽተዋላ።

ይህን ከአበልጃቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«እማማ የሺ፣ ተቀመጪ» አለች ኢንስፔክተር ፊርዶስ ዓብዱልአዚዝ። አጠር ያለች፣ ፈገግታ የሚቀናት የድሬ ልጅ ናት፤ የሰሌን ማራገቢያ ከእጇ አይለይም። ‘አንቺ’ ማለቷ ድፍረት አልነበረም። ድሬ አንቱታን ብዙ አታውቅም፤ ሰው የሚከባበረው በ‘አቦ’ ነው። «ከጭንቅላቱ ኋላ ተመትቷል። የመብራቱ ብረት እግር ላይ ነው የወደቀው። ተገፍቶ።»

የምሥራች ጥግ ላይ ቆማለች፤ ዐይኗ አብጧል። ናሁሰናይ የሚባለው የስቱዲዮው ሠራተኛ ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፎ ተቀምጧል። ዐብዲራዛቅ የመለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ መሬት መሬት ያያል።

«አንተ ንገራት» አለችው ፊርዶስ።

«ወላሂ እማማ የሺ፣ ምን ልበል» አለ ዐብዲራዛቅ። «ጠዋት የምሥራች መጣች። ጮኸች። ‘ሌባ ነህ፣ ልጄን አሳልፈህ ሰጠህብኝ’ አለችው። እያለቀሰች ሄደች። እኩለ ቀን ላይ ሁላችንም ዘጋን፣ ቤታችን ገባን። ያው ታውቂዋለሽ፤ በዚያ ፀሐይ ድሬ ትተኛለች። ሰይፈ ግን ቤት አይሄድም፤ ሽርጡን ያገለድማል፣ እዚሁ ምንጣፍ ላይ ጋደም ይላል። ስመለስ መዝጊያው ግማሽ ክፍት ነው። ገባሁ፤ ወድቋል። መጋረጃውን እኔ ነኝ ያለበስኩት። ሰው እንዴት ፊቱ ክፍት ሆኖ ይተዋል?»

«ለምን ሰደብሽው?» አለች ፊርዶስ ወደ የምሥራች ዞራ፤ መልሱን አስቀድማ የምታውቅ ቢሆንም።

የምሥራች ስልኳን አቀበለቻት። በክብ ውስጥ የተቆረጠች ጥቁርና ነጭ የልጅ ፊት። «ይሄ የወይዘሮ ሸዋገነት ፕሮፋይል ነው። አዳማ ያለች ጓደኛዬ ናት ጠዋት የላከችልኝ። የክርስትና እናቷ ብቻ ሳትሆን የነህምያ አክስት ናት። እናቴ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ከመስማት በቀር ስልክ አታውቅም። ታዲያ ከጋሼ በቀር ከማን ይወጣል?»

ወይዘሮ የሺአረግ ‘ከእኔ’ ማለት ነበረባቸው። አንዲት ቃል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የዝምታ ወለምታ ግን ይብሳል፤ አያስጮህም፣ ውስጥ ለውስጥ ያብጣል።

«ምን መለሰልሽ?»

«ምንም። ‘እስቲ ፎቶውን ጠጋ አድርገሽ አሳዪኝ’ ብቻ አለ። አላሳየሁትም።» የምሥራች ዐይኗን በመዳፏ ጠረገች። «በኋላ ደወለልኝ። ዘጋሁበት። ዳግመኛ ሲደውል ስልኩን አጠፋሁት።»

ፊርዶስ በሁለት ጣቷ የልጅቷን ፊት አሰፋች። ግንባሯ ላይ አንዲት ነጭ የብርሃን ጠብታ አለች። «ናሁሰናይ፣ ይቺ ምንድናት?»

«ነጸብራቅ ነው» አለ ልጁ አየት አድርጎ። «ጋሽ ሰይፈ እንዲህ ያለ ነገር ከእጁ አያወጣም።»

«አንተስ? ከሱ ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«ተጣልተናል፤ አልደብቅም። የልጆቹን ፎቶ ቲክቶክ ላይ ብናወጣ ደንበኛ ይጎርፋል አልኩት። ‘ሲያድጉ ጠይቃቸው’ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላነሳሁም። እኩለ ቀን በርጫ ላይ ጫት እየቃምኩ ነበር፤ አብረውኝ የነበሩትን ጠይቂ።» ካሜራውን ከፈተላት። በትንሿ መስታወት ላይ ኢስታር በሙሉ ቀለም ታየች፤ ሣር የመሰለ አረንጓዴ ቀሚስ፣ ሳቅ ሊያመልጣት የደረሰ ጉንጭ። ቀሚሱ ራሱ እዚያው የስቱዲዮው መስቀያ ላይ ተሰቅሏል።

«እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለ ዐብዲራዛቅ። «ለስቱዲዮው። የለበሰችው ልጅ እሷ ብቻ ናት።»

ፊርዶስ ለረጅም ጊዜ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። መጋረጃውን ከደረቱ ገለጥ አደረገችው። ሰይፈ ሚካኤል ሽርጥ አገልድሟል፤ ከላይ ግን ለሠርግ የሚለብሰውን ጥቁር ኮት ደርቧል፤ ቁልፉ ሁሉ ተቆልፏል።

«በዚህ ሙቀት ኮት» አለች ለራሷ፤ ማራገቢያዋን እያወዛወዘች።

የጣቢያው አዛዥ ግን በኮት አልተደነቀም። የሰደበች፣ የጮኸች፣ ስልክ የዘጋች ሴት እያለች ምን ይፈለጋል? የምሥራች ለዚያች ምሽት ጣቢያ እንድትቆይ ታዘዘ። ኢስታር ሳቢያን ያሉት የቤት አከራይዋ ወይዘሮ ዝናሽ ዘንድ ቀረች።

ወይዘሮ የሺአረግ ቤታቸው ሲመለሱ እንግዳዋ እራት ሠርተው ጠበቋቸው። ሁለቱም አልበሉም። ጅቡቲ የሚባለው ተረት አበቃ፤ አያት ዕንባቸውን እየጠረጉ ሁሉንም ተናገሩ። ወይዘሮ ሸዋገነት አልተገረሙም፤ ጣታቸውን ሲያፍተለትሉ ቆዩ።

«አበልጄ» አሉ በመጨረሻ፤ «እናት ከታሰረች ልጅ ለአባቷ ነው። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። ባለጌ ቢሆንም አባት ነው። እኔ ይዣት ልሂድ፤ ከዐይኔ አላርቃትም።»

ወይዘሮ የሺአረግ ሌሊቱን ጣራውን ሲያዩ አደሩ። አንድ ፎቶ ላኩ፤ በአንድ ፎቶ ወዳጃቸው በሌብነት ተሰድቦ ሞተ፣ ልጃቸው ታሰረች፣ የልጅ ልጃቸው ወደዚያ ሰውዬ እጅ ልትመለስ ነው። ብናገር ምን ይጠቅማል እያሉ ከራሳቸው ጋር ተከራከሩ። የምሥራች ያለ ኃጢአቱ እንደሰደበችው ብታውቅ እንዴት ትኖራለች? ይህ ግን ለልጅ ማዘን ብቻ አልነበረም። ‘ሁለተኛ እማዬ አትለኝም’ የሚል ፍርሃት ከሥሩ ተቀምጦ ነበር፤ እሳቸውም ያውቁታል።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ሸዋገነት ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ፊርዶስ ብቻዋን መጣች። ፎቶውን እንዲያሳዩአት ጠየቀች። አያት ከሳጥኑ አውጥተው ሰጧት። ፊርዶስ የካርቶኑን ጥግ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ ጎላ ብሎ የታተመ ማኅተም አለ፦ ፎቶ ንጋት፣ ድሬዳዋ። ምንም ሳትናገር መለሰችላቸው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሪቫኖች አየች።

«ለማን ነው?»

«ለኢስታር። አበልጄ ናት ያመጣችላት፤ ትናንት ገና ስትገባ። ቢጫውን ለአረንጓዴው ቀሚስ ብላ።»

ማራገቢያው ቆመ።

«ትናንት ገና ስትገባ» አለች ፊርዶስ። «ከፖሊሱ በፊት?»

«በፊት እንጂ።»

«እማማ የሺ፣ ሌላ የምትነግሪኝ ነገር የለም?»

ወይዘሮ የሺአረግ አፋቸውን ከፈቱ። «የለም» አሉ።

ፊርዶስ አልተቆጣችም፤ ያዘነች መሰለች። ቢጫውን ሪቫን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። «ዛሬ ድሬ ስትተኛ ስቱዲዮው ውስጥ እንገናኝ። እንግዳሽንም ይዘሻት ነይ።»

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ መንገዱ ባዶ ሆነ። ውሻ እንኳ ጥላ ሥር ገብቷል። ሬሳው ተነስቷል፤ ምንጣፉ ግን እንደተዘረጋ ነው። የምሥራች በፖሊስ ታጅባ መጣች። ወይዘሮ ሸዋገነት በሩ አጠገብ፣ ናሁሰናይና ዐብዲራዛቅ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አያት የልጆች ፎቶ የሚነሳባት ትንሽዬ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች ፊርዶስ። «ጋሽ ሰይፈ በእንቅልፍ ሰዓቱ በሩን ለእናንተ ሲከፍት ምን ይለብስ ነበር?»

ዐብዲራዛቅ ሳቀ፤ ወዲያው ደነገጠና ሳቁን ዋጠው። «ሽርጥ ነዋ፣ አቦ! አንዳንዴም ሽርጡን እየጎተተ ነው የሚመጣው።»

«ለየምሥራችስ?»

«እሷን እኮ ሕፃን ሆና አዝሏታል። ምን ያሳፍረዋል?»

«ስለዚህ ኮቱን የደረበው ለናሁሰናይ አይደለም፣ ለየምሥራችም አይደለም። ለማያውቀው፣ ለሚያከብረው እንግዳ ነው። ለሴት ይመስለኛል። ደግሞ የድሬ ሰው አይደለችም፤ የድሬ ሰው በዚህ ሰዓት የሰው ሱቅ አያንኳኳም። አገሩ እንደሚተኛ የማያውቅ መንገደኛ ብቻ ነው እዚህ በር ላይ የሚቆመው።»

ፊርዶስ ማራገቢያዋን ወደ ወለሉ ቀሰረች።

«ሁለተኛው ስልኩ ነው። የተገኘው ከአግዳሚው ወንበር ሥር፣ ከሱ ርቆ ነው። ሁለት ጊዜ የደወለው ለየምሥራች ነው። ለስድቧ ሊመልስላት ቢፈልግ ጠዋቱን ሙሉ ጊዜ ነበረው። አልደወለም። የደወለው እንግዳዋ ከመጣች በኋላ ነው። ሊያስጠነቅቅሽ ነበር፣ የምሥራች።»

የምሥራች በሁለት እጇ አፏን ያዘች። «እኔ ደግሞ ዘጋሁበት» አለች፤ ድምጿ ከጣቶቿ መሃል ወጣ። «ኧረ ዘጋሁበት!»

«እንግዳዋ የመጣችው ልጅቷን ፍለጋ ነው። ታዲያ ጅቡቲ የተባለች ልጅ ድሬ መሆኗን ማን ነገራት? ፎቶው ነው። ግንባሯ ላይ ያለችው ነጭ ጠብታ ከካሜራ የወጣ ምስል ላይ አትኖርም፤ የሚያብረቀርቅ ወረቀት በስልክ ሲነሳ የምትመጣ ናት። ጋሽ ሰይፈ ‘ጠጋ አድርገሽ አሳዪኝ’ ያለሽ ለዚህ ነበር፤ ቢያያት ወዲያው ያውቃት ነበር። ይሄ የፎቶ ፎቶ ነው። ወረቀቱ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው ያለው።»

ፊርዶስ እዚህ ላይ ቆመች። ስም አልጠራችም። ወደ ወይዘሮ የሺአረግ እንኳ አልዞረችም፤ ማራገቢያዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። ይህች ሴት ጨካኝ ናት ብለው አሰቡ አያት፤ ከዚያ ደግሞ የለም፣ ደግ ናት፤ በራሴ አፍ እንድወጣ በር ከፈተችልኝ አሉ በልባቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«እማዬ?»

«እኔ ነኝ የላክሁት። ስልኬን አንስቼ ፎቶ አነሳሁት፣ ለአበልጄ ላክሁላት። ከጅቡቲ ነው ብዬ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ልብ አላልኩም። ኢስታር ናት ያስተማረችኝ።» ትንፋሻቸው አጠረ። «ሰይፈ አልነካውም። ሰይፈ ቃሉን ጠብቋል።»

የምሥራች እናቷን አየቻቸው። «ትናንት ሬሳው ፊት ቆሜ ‘ከጋሼ በቀር ከማን ይወጣል’ ስል፣ አንቺ እያወቅሽ ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

የምሥራች ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ፊርዶስ ከኪሷ ቢጫውን ሪቫን አወጣችና ወይዘሮ ሸዋገነት ጭን ላይ አኖረችው።

«ወይዘሮ ሸዋገነት፣ አንቺ የደረሰሽ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀሚሱ አረንጓዴ መሆኑን እንዴት አወቅሽ?»

ሴትየዋ ሪቫኑን አዩት። «የሺአረግ ነግራኝ ይሆናል።»

«አልነገርኩሽም» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ በቀስታ። ያኔ ያልገባቸው አሁን ገባቸው። እሳቸው ቀለሙን ያውቁት ስለነበር ቃሉ በጆሯቸው ሲያልፍ እንግዳ ሆኖ አልተሰማቸውም ነበር።

«ቀሚሱ የልጅቷ አይደለም፤ የስቱዲዮው ነው፣ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም» አለች ፊርዶስ። «ቀለሙ የሚታየው እዚህ መስቀያ ላይና ካሜራው ውስጥ ብቻ ነው። ኢስታር እንደለበሰችው የሚያውቅ እንግዳ ደግሞ ካሜራውን ያየ ብቻ ነው። ፖሊሱ ‘የምሥራች እዚያ ናት’ ሲል ደግሞ ‘ጅቡቲ አልነበረችም ወይ?’ አላልሽም። የጠየቅሽው አንድ ነገር ነው፤ እርግጥ ሞተ ወይ? የጣትሽ አሻራም ከስልኩ ላይ ይነሳል። አንቺው ብትነግሪን ይሻላል።»

ወይዘሮ ሸዋገነት ሪቫኑን ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት፤ ፈቱት።

«ካርቶኑ ላይ ድሬዳዋ የሚል አየሁ» አሉ። «ነህምያ ‘አክስቴ፣ ልጄን አንድ ጊዜ ብቻ አሳዪኝ’ እያለ እግሬ ላይ ወድቆ ያለቅሳል። ያሳደግሁት ነው። ከቁልቢ በቀጥታ እዚህ መጣሁ። ሰውዬው የክርስትና እናቷ ነኝ ስለው ደስ አለው፤ ኮቱን ለበሰ፣ ወንበር ሰጠኝ። ‘ለክርስትና እናትስ ፊት አይሸፈንም’ ብሎ አሳየኝ። ቤታቸው የት ነው ስለው ነው ፊቱ የተለወጠ። ስልኩን አንስቶ ደጋግሞ ደወለ። ልቀማው ስል ታገለኝ፤ ገፋሁት። ወደቀ። ተነስቶ የሚሰድበኝ መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ። እመኑኝ፣ በገብርኤል፣ የሞተ አልመሰለኝም።»

«ለነህምያ ደውለሻል?» አለች የምሥራች።

ሴትየዋ ሪቫኑን ዳግመኛ ጠቀለሉት።

«ደውለሻል ወይ ነው የምልሽ!»

«ድሬ መሆናችሁን ነግሬዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ሸዋገነት፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

ናሁሰናይ ማንም ሳያዘው ተነሳ። ካሜራውን ለየምሥራች አሳያትና እያየችው የኢስታርን ፎቶ አጠፋው። የሟቹን ቃል መፈጸሙ ነበር።

ሰልስቱ እንዳለፈ የምሥራች ሻንጣዋን አሰረች። አያት አውቶብስ መናኸሪያ ድረስ ሸኟቸው። በመንገዱ ሁሉ ልጃቸው ኢስታርን ይዛ ከፊታቸው ቀደም ብላ ሄደች። ሻንጣው ከተጫነ በኋላ ግን ወደ እናቷ ዞረች፤ ልትነግር ፈልጋ እንደሆነ ከከንፈሯ ያስታውቃል።

«የምንሄደው—»

«አትንገሪኝ» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ። «እኔ ራሴን አላምነውም። ካላወቅሁ አልልክም።»

የምሥራች ራሷን ነቀነቀች። ይቅር አላለቻቸውም፤ ግን የነጠላቸውን ጫፍ አስተካከለችላቸው። ይህም ለእሳቸው ብዙ ነበር።

ከዚያ ኢስታርን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያዩዋት ጎንበስ አሉ። ፊቷን ሊያጠኑት ፈለጉ፤ ጉንጯን፣ ቅንድቧን፣ አሁን የወለቀውን የፊት ጥርሷን። ከእንግዲህ የሚኖራቸው በዐይናቸው የያዙት ብቻ ነው። ዕንባቸው መንገድ ዘጋባቸውና ለመጥረግ እጃቸውን ወደ ቦርሳቸው ሰደዱ።

ኢስታር እጁ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ አየች። እንደለመደችው ሁለት መዳፏን አንስታ ፊቷን ሸፈነች።

«ስልክ አይደለም፣ የኔ እናት» አሉ አያት። «መሐረብ ነው።»

ልጅቷ ጣቶቿን ትንሽ ከፈት አድርጋ በመሃላቸው አየቻቸው። እጇን ግን አላወረደችም።